ማንጎ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ምርቃት

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ድሮ ሥራችን ሠርግ ቀርጾ ዲቪዲ ላይ መጻፍ ነበር። አሁን ግማሹ ሥራ ያንኑ ዲቪዲ ወደ ፋይል መገልበጥ ሆኗል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ሰው ዲስኩን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ በፍላሽ ይዞ ይሄዳል።

አንድ ቀን አንዲት እናት 38 ዲስክ ይዘው መጡ። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ። ያዘዘቻቸው ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ናት።

«ፋይል አድርገሽ ላኪልኝ ብላኛለች ልጄ። እኔ እንደሆን ፋይሉንም አላውቀው» አሉኝ። ለአራት ቀን ቀጠርኳቸው።

ሥራውን ወድጄው ነበር የሠራሁት። በኛ አገር የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። የድሮ ካሜራ ግን አንዱን ፍሬም ለሁለት ከፍሎ፣ መስመር እየዘለለ ነው የሚቀርጸው። በድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ይሄ አይታወቅም። ኮምፒውተር ላይ ግን የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። እስክስታ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። የጎጃም ትከሻ መቼ አንድ ቦታ ይቆማል! ሁለቱን ግማሾች ነጣጥሎ በሰከንድ 50 ፍሬም እንዲያወጣልኝ ሀንድብሬክ የሚባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም አስተካከልኩት። ጥርሱ ጠፋ፣ ትከሻው እንደ ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ደስ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ እየተውኩት ወደ ቤት መሄድ ጀመርኩ።

በቀጠሯቸው መጡ። ሀርድ ዲስኩን ሰጠኋቸው፣ ፌስታሉንም መለስኩላቸው። ከዚያ መናገር የሌለብኝን ተናገርኩ።

«እማማ፣ ከእንግዲህ እነዚህን ዲስኮች መያዝ አያስፈልግዎትም።»

«እሰይ፣ ቁም ሣጥኑን ሞልተውት ነበር» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። እጃቸው ላይ ስልክ አለ። ፊታቸው ግን እንደዚያን ቀን አይደለም።

«ልጄ፣ የአባቷ ምርቃት የታለ?»

አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። በመልሱ ቀን ቆመው የመረቁት በሠርጉ ዲስክ ላይ ነበር። ልጅቷ ከሁሉ በፊት የፈለገችው እሱን ነው። ፋይሉን ከፈትኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ቃል ኪዳኑ አለ፣ ከዚያ ያልቃል። ድግሱም መልሱም የለም።

ወዲያው ገባኝ። ሀንድብሬክ ዲስክ ሲከፍት ውስጡ ያሉትን ታይትሎች፣ ማለትም ለየብቻ የተከፈሉትን ቪዲዮዎች፣ ይዘረዝርና ረጅሙን ራሱ መርጦ ይጠብቃል። ለፊልም ይሄ ጥሩ ነው፣ ረጅሙ ፊልሙ ነውና። የሠርግ ዲስክ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ዲቪዲ እስከ 99 ታይትል ይይዛል። ቀራጮቻችንም ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን አንድ፣ ድግሱን ሁለት፣ መልሱን ሦስት አድርገው ሜኑ ይሠሩለታል። እኔ ረጅሙን ብቻ እየወሰድኩ 38ቱንም ጨርሻለሁ። ፕሮግራሙ ስህተት አላለኝም፣ የታዘዘውን ሠርቷል። ዲስኩ ከ4 ጊጋ በላይ ሆኖ ፋይሉ ከ1 ጊጋ ብዙም ሳያልፍ ሲወጣም «ኮምፕረስ ስለሆነ ነው» ብዬ አለፍኩት። የዲቪዲው የቪዲዮ ዓይነት ኤምፔግ 2 ወደ አዲሱ ኤች 264 ሲቀየር መጠኑ በጣም ስለሚቀንስ፣ በጊጋ መፍረድ አይቻልም። ማስተያየት የነበረብኝ ደቂቃውን ነው። ለትከሻው ስጨነቅ የሰውየውን ድምፅ ጣልኩት።

«ዲስኮቹስ የት አሉ እማማ?»

«አያስፈልጉም አልከኝ እኮ። ዘጌ ላሉት የወንድሜ ልጆች ሰጠኋቸው።»

እሑድ ጠዋት ዘጌ በጀልባ ተሻገርኩ። ጣና ያን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር፣ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ልጆቹ ከግቢያቸው ማንጎ ዛፍ ሥር ወሰዱኝ። ዲስኮቹ ወፍ እንዲያባርሩ በሲባጎ ተሰቅለዋል። ነፋስ ሲመጣ ይሽከረከራሉ፣ ፀሐይ ሲነካቸው ይብለጨለጫሉ። አንድ በአንድ አወረድናቸው። 31 አገኘን። ሰባቱ ጠፍተዋል። የሠርጉ ዲስክ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ስም ደብዝዞ ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ነበር፣ ጥላው ውስጥ። ጥላ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ውስጥ የተጻፈ ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፣ ያንን ቀለም ደግሞ ብርሃንና ሙቀት ይበሉታል።

ሱቅ ተመልሼ በለብታ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት። ዲስክ የሚጠረገው ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ነው፣ እያዞሩ አይደለም። መረጃው የተጻፈው እየዞረ ስለሆነ፣ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ረጅም ቦታ ተከታትሎ ያበላሻል። ከመሃል ወደ ዳር የሚሄደውን ግን ማጫወቻው ራሱ ብዙውን ጊዜ ያርመዋል። ሲባጎው ከመሃል እስከ ዳር አንድ መስመር ፍቆ ነበር። እሱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ቅርንጫፉ የፋቀው ዳሩ ነው። ዲስክ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው የሚጻፍ። ምርቃቱ ደግሞ የመጨረሻው ታይትል ነው።

ኮምፒውተሩ ዲስኩን ሲያይ ቆመ። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ጀመርኩ። እሱ መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ ቶሎ ቶሎ ይገለብጣል፣ የታመመውን ይዘለዋል፣ በኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክረዋል። የደረሰበትንም ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ካቆመበት ቀጠለ። በሁለተኛው ቀን መቁጠሪያው አልንቀሳቀስ ሲል ከጎረቤት ፎቶ ቤት አሮጌ ዲቪዲ ራይተር ተውሼ ያንኑ መዝገብ ሰጠሁት። አንዱ መሣሪያ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል። ያ አሮጌ ራይተር የቀረውን አብዛኛውን አወጣልኝ።

ዘጠኝ ደቂቃ ከሆነው ምርቃት 40 ሰከንድ ያህል ቀረ። ሁለቱን ጫፎች አገናኝቼ ማንም እንዳያውቅ ማድረግ እችል ነበር። አላደረግኩትም። ቦታውን በልኩ ጥቁር አድርጌ ተውኩት። የሌላ ሰው አባት ንግግር ላይ መቀስ የማሳርፍበት ሥልጣን የለኝም።

ከተገኙት 31 ዲስኮች ስድስቱ ከአንድ በላይ ታይትል ነበራቸው። ሁሉንም እንደገና ሠራኋቸው። ገንዘብ አልተቀበልኩም። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ደብተር አለ። ዲስክ ሲገባ ታይትሎቹንና ደቂቃቸውን እጽፋለሁ፣ ፋይሉ ሲወጣ ደቂቃውን ከጎኑ እጽፋለሁ፣ ሳይገጥም ወደ ሌላ አልሄድም።

እናትየው አዲሱን ሊወስዱ ሲመጡ ምርቃቱን እዚያው አስጀመርኩላቸው። ባለቤታቸው በነጭ ጋቢ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ታዩ። ጥቁሩ ሲመጣ ደነገጡ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው እስኪያልፍ ጠበቁ። ድምፁ ሲመለስ ከቤቱ ሰው ጋር እኩል «አሜን» አሉ።

ሊወጡ ሲሉ ፌስታሉን አነሱና በር ላይ ቆሙ።

«እነዚህንስ ልጣላቸው?»

«አይጣሉ እማማ። ልጅዎት ሁሉንም ከፍታ እስከ መጨረሻው አይታ እስክትደውልልዎት ይቆዩ።»

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይመለሱ በለኛ» ብለው ባጃጅ ጠሩ።