ተከራይ ሆኖ ሸልፍ ማስበየድ ምን የሚሉት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ትንሽ ወርክሾፕ ልክፈት የሚል ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው በያጅ ጋር ነው። ልኩን ያስለካል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ የሚመጣለት ሸልፍ ጠንካራ ነው አልክድም፣ ግን አከራዩ ልጄን ልድርበት ነው ልቀቅልኝ ያለ ቀን በበሩ አልወጣ ይላል፣ ቢወጣም አዲሱ ቤት አይገባም፣ መጨረሻው ተቆራርጦ በኪሎ ለቁራሌው ነው። ስንቱን አየሁ! እኔ ምጣድና ምድጃ እየጠገንኩ ቤት ስቀያየር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሙሉ በሙሉ ወደ ባለቀዳዳ አንግል ዞሬያለሁ፣ ስለሱ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ዘርዘር ላድርገው።

መዝገብ ቤት ገብታችሁ ፋይል የታጨቀበት ግራጫ ሸልፍ አይታችሁ የለ? እግሩ ከላይ እስከታች ቀዳዳ ብቻ የሆነው፣ እሱ ነው። ላሜራው በቀጤ ማዕዘን (እንደ L) ታጥፎ ሁለቱም ጎኑ ላይ ረዘም ያለና ክብ ቀዳዳ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ነገሩን ያመጣው ዴሜትሪየስ ኮሚኖ የሚባል አውስትራሊያ የተወለደ የግሪክ ዘር ኢንጂነር ነው፣ ለንደን ማተሚያ ቤት ነበረው፣ ለስራ የሚያሰራው መደርደሪያ ምናምን አንዴ ካገለገለ በኋላ ለሌላ ነገር አልሆን እያለ ሲባክን አናደደውና ተፈቶ እንደገና የሚገጠም ነገር ማሰብ ጀመረ፣ ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ዴክሲዮን ብሎ ለገበያ አወጣው። የሰውዬው ንዴት ከኛ ንዴት ጋር አንድ ነው።

እዚህ አዲሱን ከብረት መሸጫ መግዛት ይቻላል፣ ርካሹ መንገድ ግን ቢሮ ሲታደስ ወይ መጋዘን ሲዘጋ የሚወጣውን አሮጌ ማሳደድ ነው፣ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራን አትርሱ። ዋጋ አልጽፍም፣ ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል። ስትገዙ ዝገቱ ብዙም አያስፈራ፣ የሚያስፈራው መታጠፊያው ጋ የተቆለመመ ወይ የተሰነጠቀ ነው፣ በአንድ አይን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት፣ ከተጣመመ ይለፋችሁ። የሚሻለው 40 በ40 ሚሊ ሆኖ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነው ነው።

እቃ ብዙ አይፈልግም። ሰጌቶ፣ ሞረድ፣ 8 ሚሊ ብሎን ከነዳዶው፣ ሁለት 13 ቁልፍ፣ አለቀ። ብሎኑ 16 ሚሊ ርዝመት ይበቃዋል፣ ረጅም ከገዛችሁ ጫፉ ወጥቶ ጋቢያችሁን ሲይዝ ይኖራል። ስትቆርጡ ደግሞ ሜትሩን ትታችሁ ቀዳዳ ቁጠሩ፣ ይሄን ስሙኝ፣ አራቱም እግሮች ከአንድ አይነት ቀዳዳ ጀምረው እኩል ቀዳዳ ይዘው እኩል ቦታ ላይ ካልተቆረጡ በሴንቲሜትር እኩል ቢሆኑም አግዳሚው ሲገጠም ያዘነብላል። የመጀመሪያውን ቁረጡና ሌላውን ጎኑ አስተኝታችሁ ቀዳዳ በቀዳዳ እያያችሁ ምልክት አድርጉ። የተቆረጠው ጫፍ ምላጭ ነው፣ ሞረድ ሳይነካው እጃችሁ እንዳይነካው።

አሁን ዋናው ነገር። ሰዎች ሰርተው ሲጨርሱ ሸልፉ ይወዛወዛል፣ ከዛ "ብረቱ ቀጭን ነው" ይላሉ። ብረቱ ምንም አላደረገ። አንድ ብሎን ብቻ የያዘው ጥግ ማጠፊያ ነው፣ እንደ በር ይዞራል፣ አራት ማዕዘን የሆነ ነገር ደግሞ ጥጎቹ ከዞሩ ወደ ጎን ይጋደማል። ሶስት ማዕዘን ግን ጎኑ ካልረዘመ ወይ ካላጠረ በስተቀር የትም አይሄድም። ስለዚ ከኋላ በኩል ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ አስገቡ፣ አንግሉን ራሱን ካደረጋችሁ አንድ ሰያፍ ይበቃል፣ ጠፍጣፋ ስስ ላሜራ ከሆነ ግን ሲጎተት እንጂ ሲገፋ ስለማይሰራ ሁለት አድርጋችሁ ማመሳቀል ነው። በጎንና በጎን እንደዛው። ከፊት እቃ ስለምታወጡ ሰያፍ አይሆንም፣ እዛ በየጥጉ ባለ ሶስት ማዕዘን ላሜራ ቆርጣችሁ በብሎን ያዙት። መጀመሪያ ሁሉንም ብሎን በእጅ ብቻ አስገቡ፣ በስኳድራና በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ማጥበቅ ከዛ በኋላ። እቃ ተጭኖበት ትንሽ ከቆየ ደግሞ እንደገና በቁልፍ ዙሩበት፣ ረዘም ያለው ቀዳዳ ውስጥ ብሎኑ ከላላ ጭነቱ ወደታች ያንሸራትተዋል፣ የሚይዘው የጠበቀበት ኃይል ነውና።

ጎረቤቴ ያሉ በያጅ አንድ ቀን ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ብሎን ስታጠብቅ ከምትውል በየጥጉ ነጥብ ነጥብ ባደርግልህ ምን አለበት?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ነጥቡንስ ያደርጉልኛል፣ የአከራዬን ልብ ማን ይበይድልኛል?" ስላቸው ሳቁና ሄዱ። ሰያፎቹን የቆረጥኩት ግን በሳቸው ግራይንደር ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።

ለኔ ስራ በጣም የጠቀመኝ የምጣድ ማቆሚያው ነው። ምጣድ 60 ሴንቲ ገደማ ስፋት አለው፣ እያነባበሩ ማስቀመጥ ደግሞ ሸክላውን መጨረስ ነው፣ የታችኛው ይሰነጠቃል፣ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) የሚገባበት ቦይም ይፈረካከሳል። እና ከታች ሁለት አግዳሚ አንግል ጎን ለጎን፣ ከላይም እንደዛው፣ በመሃል ቀጫጭን መከፋፈያ፣ ምጣዱ በጠርዙ ይቆማል። አግዳሚው ላይ የመኪና ጎማ ቁራጭ በብሎን ታስሯል፣ ሸክላ ብረት ላይ እንዳይቀመጥ። ሰፊ ምጣድ ሲመጣ መከፋፈያውን ሁለት ቀዳዳ አሳልፌ አስራለሁ፣ በብየዳ ይሄ የት ይገኛል?

የስራ ጠረጴዛም ከዚሁ ይወጣል፣ ግን ቀላል ስለሆነ ሰጌቶ ስትስቡ አብሮ ይሄዳል፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ድንጋይ ወይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫኑበት። ሞርሳውን (ብረት ነክሶ የሚይዘውን) መሃል ላይ እንዳታስሩት፣ በቀጥታ እግሩ ላይ ይሁን፣ መዶሻ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ መሬት ይወርዳል። የሞርሳው አፍ ከክርናችሁ እኩል ቢሆን ለሞረድ ስራ ወገብ አይበላም።

የሸልፍ ርዝመት ላይ ስስት አለብን፣ ግድግዳውን ሙሉ ካልያዘ አይነት። ያው አንድ ክብደት እጥፍ ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ ተበትኖ ቢቀመጥ መሃሉ የሚጎብጠው 8 እጥፍ ነው። 90 ሴንቲ ላይ ቁሙና እግር ጨምሩ። መሃል ሜዳ ከተማ ያለችው አክስቴ የገብስ መቆሚያ ስራልኝ ስትለኝ "አንድ ረጅም አድርገው ልጄ" ብላ ነበር፣ ኩንታል እኮ 100 ኪሎ ነው፣ አራቱ ሲደረደር 400 ኪሎ፣ ስለዚ ለየኩንታሉ ከስሩ ሁለት ሁለት አግዳሚ አስገባሁና ከእርጥበት እንዲርቅ ከመሬትም ከግድግዳም አራቅኩት። እግሩ አፈር ወለል ላይ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀመጠለት። አይጡን ግን አይከለክልም፣ ቀዳዳው እንደውም መወጣጫ ነው የሆነላት፣ ለሱ ድመት ፈልጉ።

የኛ ብርድ ደግሞ ለብረት የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ውርጭ ያደረበት ክፍል ውስጥ ምድጃ ስትለኩሱ ብረቱ ያልበዋል፣ ዝገቱ የሚጀምረው ደግሞ ከቆረጣችሁት ጫፍ ነው፣ እዛ ላይ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት።

ከግድግዳ ጋር ማሰርም አለ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቶን የለ? ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሸልፍ ከላይ ሁለት ቦታ በፊሸር ግድግዳው ላይ ይታሰር፣ ጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር አይይዝም፣ ማገሩን ፈልጋችሁ እሱ ላይ። አከራይ ግድግዳዬን አትብሳ ካለ ከፍታውን ቀንሱ፣ ከባድ ከባዱን ደግሞ ወደ ታች።

መሰላል ይሆናል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ አይሆንም፣ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ብሎኑ ይላላል፣ ጠርዙም እጅ ይቆርጣል። በዚሁ አንግል ባጃጅ አንስቼ ስሩ ልተኛ ያልከው ልጅ ደግሞ፣ በጭራሽ።