700 ሜጋባይት የተባለው ሲዲ በእርግጥ ስንት ይይዛል?

የ78 ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ነበረኝ፤ ዌቭ ፋይል፣ ስቴሪዮ፣ 16 ቢት፣ 44,100 ኸርዝ። መጠኑ 825 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። በ80 ደቂቃ ባዶ ሲዲ-አር (አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ) ላይ እንደ ማንኛውም ፋይል ልገለብጠው ስል ፕሮግራሙ ቦታ አይበቃም አለኝ። ያንኑ ቅጂ፣ በዚያው ሲዲ ላይ፣ የሙዚቃ ሲዲ አድርጌ ስጽፈው ግን ገባ፤ እንዲያውም ቦታ ተረፈ።

ምስጢሩ ሴክተሩ፣ ማለትም ሲዲው የሚከፋፈልበት ትንሽ የመረጃ ክፍል፣ ላይ ነው። ሲዲ በሰከንድ 75 ሴክተር ስለሚነበብ የ80 ደቂቃው 360,000 ያህል ሴክተር አለው። በሙዚቃ ሲዲ አንዱ ሴክተር 2,352 ባይት ድምፅ ይይዛል። በዳታ ሲዲ ግን ለእኛ የሚተርፈን 2,048 ብቻ ነው፤ የቀረው 304 ባይት ለአድራሻ እንዲሁም ስህተትን ለይቶ ለማረም ይውላል። ዘፈን ውስጥ ትንሽ ነገር ቢዛባ ጆሮ ላያስተውለው ይችላል፤ ዚፕ ፋይል ግን በአንድ ቢት ምክንያት አልከፈትም ሊል ይችላል። እንግዲህ 360,000 በ2,048 ሲባዛ 737,280,000 ባይት ይሆናል፤ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር (አንድ ሜጋባይት 1,048,576 ባይት ሆኖ) 703 ሜጋባይት ማለት ነው። የ74 ደቂቃው በዚሁ ስሌት 650 ይመጣል። ማሸጊያው ላይ 700ም 80ም ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ዝምድናቸውን የሚነግር ግን የለም።

ቀጥሎ የመጣው የፎርማት ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ባዶ ሲዲ ሲገባለት እንደ ፍላሽ ልጠቀምበት ወይስ በሲዲ ማጫወቻ እንዲከፈት ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ስንመርጥ ሲዲው ዩዲኤፍ በተባለው የፋይል አደራደር ፎርማት ይደረግና ፋይል እየጎተቱ መጣል ይቻላል። ይመቻል፤ ለሲዲ-አር ግን አልወደድኩትም። ሌዘሩ ቀለሙን አንዴ ካቃጠለው መመለሻ የለውም። አንድ የጽሑፍ ፋይል እያስተካከልኩ ደጋግሜ ሳስቀምጥ፣ ፋይሉ አንድ ሆኖ ሳለ ክፍት ቦታው በየጊዜው ሲቀንስ አየሁ። ብሰርዘውም ከዝርዝሩ ጠፋ እንጂ ቦታው አልተለቀቀም። ሲዲ-አርደብሊው እንደገና ይጻፍበታል፣ ነገር ግን ዋጋውን አስቀድሞ ያስከፍላል፦ በቋሚ ፓኬት፣ ማለትም መጠናቸው እኩል በሆኑ ጥቅሎች እንዲጻፍበት፣ ሲፎርማት ለየ32ቱ የዳታ ሴክተር 7 ማያያዣ ሴክተር ስለሚጨመር የ700ው ከ580 በታች ይወርዳል።

እየጨመሩ መጻፍም በነፃ አይደለም። ሁለተኛ ሴሽን (በአንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋ ክፍል) ሲከፈት 22 ሜጋባይት ያህል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሴሽን 13 ያህል መክፈቻና መዝጊያ ላይ ይቀራል። ሦስት ፎቶ ለመጨመር ብሎ ሴሽን መክፈት ለእኔ ብክነት ነው።

ስለዚህ ፋይሎቹን መጀመሪያ አንድ ፎልደር ውስጥ አጠራቅማለሁ፤ መጠናቸውንም በሜጋባይት ሳይሆን በባይት አያለሁ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጽፌ ሲዲውን እዘጋዋለሁ። ፎርማቱ አይኤስኦ 9660 (የዳታ ሲዲ መደበኛ የፋይል አደራደር) ሆኖ ጆሊየት የተባለው ማስፋፊያው የተጨመረበት ነው። አይኤስኦው ብቻውን በጥብቅ ደረጃው የፋይል ስምን በስምንት የላቲን ፊደል ይገድባል፤ ጆሊየት ግን እስከ 64 ፊደል ይፈቅዳል፣ ዩኒኮድ ስለሆነም በአማርኛ የተጻፈ ስም እንዳለ ይቀመጣል። አፍ እስከ ገደፉ አልሞላም። ሲዲ ከመሃል ወደ ውጭ ስለሚጻፍ የመጨረሻዎቹ ፋይሎች የሚያርፉት ጣት የሚበዛበት ጠርዝ ላይ ነው።

ተጽፎ ሲያልቅ እያንዳንዱን ፋይል ከዋናው ጋር አስተያያለሁ፤ «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ብቻውን አይበቃኝም። ስሙን የምጽፍበት ለስላሳ ማርከር ነው። እስክሪብቶ አይሆንም፤ የሲዲ አንጸባራቂ ንጣፍ ያለው በጽሑፉ በኩል፣ ከስስ ሽፋን ሥር ነውና የታችኛው ፊት ከሚቧጨር የላይኛው ቢቧጨር ይከፋል።