ከለገጣፎ የተላከው ፖስታ

ዛሬ ሰኔ 3 ቀን በማለዳ ከለገጣፎ ተነሥቼ ቸርችል ጎዳና ወደሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤት የወረድኩት ለአሜሪካ መንግሥት የማቀርበውን የግብር ማስታወቂያ ለመላክ ነበር። ኑሮዬን ወደ አገር ቤት ብመልስም ዜግነቴ አሜሪካዊ ስለሆነ የዓመቱን ገቢዬን በቅጽ 1040 የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ፤ እዚህ ሠርቼ ያገኘሁትን ደመወዝ ከግብር ነጻ የሚያደርገውም ቅጽ 2555 ነውና እሱን ሞልቼ ካላያያዝኩ ነጻነቱ በራሱ አይመጣም። «የምከፍለው ከሌለኝ ምን አሳውቃለሁ?» እያሉ ዓመታት ያሳለፉ ወዳጆች ስላሉኝ ይህን ደጋግሜ መናገር ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

መደበኛው ቀነ ገደብ ሚያዝያ 7 ሲሆን፣ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው እስከ ሰኔ 8 ይራዘምለታል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ግን ወለዱ ከሚያዝያ 7 ጀምሮ ይታሰብበታል።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ የፖስታው ማኅተም ነበር፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ወዳለው የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ዘግይቶ ቢደርስም እንኳ በጊዜው እንደቀረበ የሚቆጠረው ማኅተሙ ላይ ባለው ቀን ነው። ባለፈው ዓመት በላክሁበት ቦታ ቀኑ ደብዝዞ ስለነበር ወራት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

«እባክዎ እህቴ፣ ቀኑ በደንብ እንዲነበብ አድርገው ይምቱልኝ» አልኳቸው። ሠራተኛዋም መጀመሪያ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሞክረው፣ ቀለሙ መድመቁን አይተው፣ ከዚያ ፖስታው ላይ ረገጥ አድርገው መቱልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። የአደራ ደብዳቤውን ደረሰኝ ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ።