ላፕቶፑ ተነሳ!

ትናንት ማታ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ላፕቶፑ የሚሠራበትን ሲስተም፣ ኡቡንቱን፣ ከ22.04 ወደ 24.04 እያሳደግሁ ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከደከመ ቆይቷል፣ አብሮ ድርግም አለ። መብራት መጥቶ ብከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ «ከርነል ፓኒክ» ብቻ፤ ሲስተሙ መነሳት አቅቶት ቆመ ማለት ነው። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነው፣ ኮፒ የለውም።

ጠዋት ሽምብጥ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ገና ሳያዩት «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። እንዲህ ሲባል በጣም ነው የሚከፋኝ፤ የሰው ድካም እኮ ነው የሚጠፋው! ይዤው ወጣሁና ጣና ዳር ሶኬት ያለበት ካፌ ፈልጌ ተቀመጥኩ፣ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። አዲሱ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ገብቷል፣ ግን ሲነሳ ዲስኩን እንዲያገኝ የሚረዳው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሳይሠራ ነው መብራቱ የሄደው። የእኛ ፋይሎች ምንም አልሆኑም። ላፕቶፑ ሲነሳ ኢስኬፕን ተጭኜ የግረብን (የትኛው ከርነል ይነሳ የሚለውን የሚያስመርጠውን ፕሮግራም) ሜኑ አወጣሁ፣ ከተጨማሪ አማራጮቹ ውስጥ የድሮውን ከርነል መረጥኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ... ገባ! መጀመሪያ የእህቴን ጽሑፍ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ነው በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የተቋረጠውን ጭነት ያስጨረስኩት፣ የጎደለውን ፋይል ያሠራሁት፣ ግረብንም ያደስኩት።

ደወልኩላት። «ወንድምዓለም፣ እውነትህን ነው?» ብላ አለቀሰች። አሁን 11 ሰዓት ሆኗል፣ ታንኳዎቹ ወደ ዳር እየተመለሱ ነው፣ እኔም ቡናዬን ገና አሁን ጠጣሁ።