ያልታተመ እርማት

ዛሬ ጠዋት የሠራሁት ስሕተት ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ በስልኬ ያነበብሁትን አንድ ዜና ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት፤ ዜናው እሱ በየቀኑ የሚወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ከገበያ እንዲሰበሰብ መታዘዙን ይናገር ነበር። እኔም ከሥሩ «ሐኪምህን ሳታነጋግር የዛሬውን እንዳትውጥ» ብዬ ጨመርሁበት። እኩለ ቀን ላይ ደውሎ «እትዬ፣ ይህን ከየት አመጣሽው? የላክሽልኝን ከፍቼ አነበብሁት፤ እንደዚያ አይልም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሊንኩ ያው ራሱ ነው፤ ጽሑፉ ግን እንዲሰበሰቡ የታዘዙት የአንድ ባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር ተመርተው አንድ መለያ የተሰጣቸው፣ እንክብሎች ብቻ እንደ ሆኑና ሌሎቹን መጠቀም መቀጠል እንደሚቻል ይናገራል። ርዕሱ ተለውጧል፣ ሁለተኛው አንቀጽ ተለውጧል፣ ዜናው የወጣበት ሰዓት ግን የጠዋቱ ሰዓት እንደ ሆነ ቀርቷል። መስተካከሉን የሚነግር አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

በእንቅልፍ ዐይኔ ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ፣ ድረ ገጾችን በየጊዜው እየቀዳ የሚያስቀምጠውን ዌይባክ ማሽን ከፈትሁ። የጠዋቱ ቅጂ እዚያ አለ። አልተሳሳትሁም፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ የተሳሳተውን ጽሑፍ በትክክል አንብቤአለሁ። ወንድሜ ግን ማስረጃውን እስኪያይ ድረስ ዜና አጣሞ የሚያወራ ሰው አድርጎ ቆጥሮኝ ነበር፤ አልፈርድበትም።

ነገሩ ይህን ያህል የቆጠቆጠኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በወጣትነቴ በአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት የጽሑፍ አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራችን የሚጀምረው ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ነው። ከፊታችን የተዘረጋውን ገጽ በማስመሪያ እየከለልን መስመር በመስመር እንወርዳለን፤ ስሞችን ሁለት ጊዜ፣ ቁጥሮችን ሦስት ጊዜ እናያለን። ዐይናችን የሚደክመው ወደ መጨረሻው ገጽ ስንደርስ ስለ ነበር፣ የኅዘን ማስታወቂያዎች የሚወጡትም እዚያው ገጽ ላይ ስለ ነበር፣ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የሚያመልጠን እዚያ ነበር። ማተሚያው አንድ ጊዜ መዞር ከጀመረ በኋላ የታየ ስሕተት ሊመለስ አይችልም፤ በማግሥቱ በብዙ ሺህ ቅጂ ተባዝቶ በሰው እጅ ላይ ይገኛል።

አንድ ጊዜ የሟቹን ስም ትተን የወንድሙን ስም አተምን። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሰውዬው ጋዜጣውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ መጣ፣ በጠረጴዛችን ላይ ዘረጋው፣ ጣቱንም በስሙ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ቆመ። ማስተባበል አልቻልንም። «እንዲህ አላልንም» የምንልበት መንገድ አልነበረም፤ ያልነው በፊታችን ተዘርግቷል። የዚያን ዕለት ማታ በሁለተኛው ገጽ ላይ በወጣው ማረሚያ ምክንያት ዋና አዘጋጃችን ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ትክክለኛውን ስም ብቻ ጽፌ ነበር፤ እሳቸው ግን መለሱልኝና «የተሳሳትነውንም ጻፊው እንጂ፤ የትናንቱን ጋዜጣ ቆርጦ ያስቀመጠ ሰው የትኛውን ቃል እንደሚሰርዝ በምን ያውቃል?» አሉኝ።

ይህን ስል ወረቀትን ማመስገኔ እንዳይመስልብኝ። ጋዜጣ የዋሸው ገና ከልጅነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 በኒው ዮርክ የሚታተመው ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ በጨረቃ ላይ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያላቸው ሰዎች መታየታቸውን፣ በዘመኑ የታወቀውን የሥነ ፈለክ ሊቅ የጆን ኸርሸልን ስም ለሐሰቱ ምስክር አድርጎ፣ በተከታታይ ጽሑፎች አስነብቧል። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ የማተሚያ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለ ነበሩ ከወትሮው ቀድሞ ወደ ማተሚያ የገባው ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን፣ የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ድምፅ ተቆጥሮ ሳያልቅ ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ ብሎ በትልልቅ ፊደላት አተመ። ያሸነፈው ትሩማን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ትሩማን በባቡር ሲጓዝ ያንኑ ጋዜጣ ከፍ አድርጎ ይዞ እየሳቀ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። እኔ ያንን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ በብብቱ ጋዜጣ ይዞ የመጣው ሰው ነው። ያ ርዕስ ዛሬ በድረ ገጽ ላይ የወጣ ቢሆን ኖሮ፣ ትሩማን ባቡሩ ላይ ሳለ ተለውጦ ያልቅ ነበር፤ ከፍ አድርጎ የሚያሳየውም ነገር ባልኖረው ነበር።

የማይመለስ ስሕተት ያሳፍራል፣ እፍረትም ሥርዓት ያስይዛል። የብሪታንያው ዘ ጋርዲያን እ.ኤ.አ. በ1997 ከዋና አዘጋጁ ነጻ ሆኖ የአንባቢያንን አቤቱታ የሚመረምር ሰው ሾሞ በየዕለቱ የእርማት አምድ ማውጣት የጀመረው፣ ኒው ዮርክ ታይምስም እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2003 የራሱ ዘጋቢ የፈጠራቸውንና ከሌሎች የገለበጣቸውን ጽሑፎች ከ7,000 በሚበልጡ ቃላት፣ ከፊት ገጹ ጀምሮ የዘረዘረው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ስሕተቱን ከነ ስሙ በራሱ ገጽ የሚጽፍ ጋዜጣ እኔ በበኩሌ ይበልጥ አምነው ነበር።

ያ ሥርዓት ገንዘብ ይፈልጋል። የእኛን ደመወዝ የሚከፍለው ርዕሰ አንቀጹ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የሚከፍሉት የሚከራይ ቤት፣ ክፍት የሥራ ቦታና ያገለገለ መኪና የሚያስታውቁት ጥቃቅን ማስታወቂያዎች ነበሩ። እነዚህን እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ክሬግስሊስትና እሱን የመሰሉ ገጾች በነጻ ሲወስዷቸው፣ ትልልቆቹን ማስታወቂያዎች ደግሞ ጉግልና ፌስቡክ ሲወስዷቸው፣ የአሜሪካ ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይደርስ የነበረው የማስታወቂያ ገቢያቸው በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወረደ። ገቢ ሲወርድ ቀድሞ የሚሰናበተው አራሚ ነው፤ ምክንያቱም አራሚ በሥራው ላይ ሳለ አይታይም። እ.ኤ.አ. ከ1703 ጀምሮ ይታተም የነበረው የኦስትሪያው ቪነር ጻይቱንግ እንኳ ኩባንያዎች በግዴታ ያስነግሩበት የነበረው ማስታወቂያ በሕግ ሲቀርበት፣ በጁን 2023 መጨረሻ ዕለታዊ የወረቀት እትሙን አቁሞ ወደ ኢንተርኔት ገባ። በመጨረሻው የፊት ገጹ ላይ ያሳለፋቸውን 12 ፕሬዝዳንቶችና 10 ነገሥታት ቆጥሮ ነበር የተሰናበተው።

በእኛ ቋንቋ ዜናና ወሬ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለወጣል፤ ስማ በለው ብሎ የጀመረው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ መጀመሪያ ምን እንዳለም አይታወቅም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ስንል የኖርነው የተጻፈ ነገር ከዚህ ጠባይ የዳነ ስለ መሰለን ነው። ዛሬ ጠዋት ግን የተጻፈ ነገር በአራት ሰዓት ውስጥ እንደ ወሬ ሲለወጥ አየሁ። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳሳተመው ደግሞ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች ውስጥ 38 በመቶ የሚሆኑት ከዐሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ከሚለወጠው የተረፈው ይጠፋል ማለት ነው።

ደግሞም የተሳሳተው ሲሮጥ እርማቱ አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ 126,000 ያህል በትዊተር የተሠራጩ ወሬዎችን የመረመረ ጥናት፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ መልሶ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ለዚህም ይበልጥ ተጠያቂዎቹ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ሳይሆኑ ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ያንን ሊንክ የላክሁት እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ቁጥርን ሦስት ጊዜ ያየ ዐይን በስልክ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ አላየም።

ቁጭቴ የሚብሰው ግን ነገሩ የግድ እንዲህ መሆን የሌለበት ስለ ሆነ ነው። የእኛ ማረሚያ የሚወጣው በማግሥቱ፣ በሌላ ገጽ፣ በጥቃቅን ፊደል ነበር፤ የትናንቱን የገዛ ሰው የዛሬውን ካልገዛ አያገኘውም። ድረ ገጽ እርማቱን ከራሱ ከስሕተቱ ሥር፣ ከነ ሰዓቱ ሊጽፈው ይችላል፤ እንዲህ የሚያደርጉም አሉ፣ እነሱን ሳነብ የድሮው ዋና አዘጋጃችን ትዝ ይሉኛል። ይህን ለማድረግ ማተሚያም ቀለምም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሁለት መስመር ነው። ለዜናው አዘጋጆች ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ጻፍሁላቸው፣ እስካሁን መልስ የለም።

ማታ፣ ስልኩን ካነሳሁና ካስቀመጥሁ በኋላ፣ ለወንድሜ በድሮው አጻጻፋችን እንዲህ ስል ላክሁለት፦ «ማረሚያ። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ከ20 ላይ በላክሁልህ መልእክት ‹መድኃኒቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ ታዟል› የተባለው ‹የአንድ ባች ቁጥር እንክብሎች ብቻ እንዲሰበሰቡ ታዟል› ተብሎ፣ ‹የዛሬውን እንዳትውጥ› የተባለውም ‹በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከት› ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ጥቂት ቆይቶ የማሸጊያውን ፎቶግራፍ ላከልኝ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ከተባለው ባች አይደለም።