የፍጥነት መገደቢያው ፍሬን አይደለም

የፍጥነት መገደቢያንና ክሩዝ ኮንትሮልን አንድ አድርጎ የሚያይ አሽከርካሪ ብዙ ነው። ክሩዝ ኮንትሮል እግርዎን ከፔዳሉ ቢያነሱም ፍጥነቱን ይዞ ይቀጥላል። መገደቢያው ግን ነዳጅ መስጠቱን ለእግርዎ ትቶ ከሞሉለት ቁጥር እንዳያልፉ ብቻ ይጠብቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከየጎማው ጀርባ ያለው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሴንሰር የጎማውን ዙር ይቆጥራል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ቁጥሩን ተቀብሎ ፍጥነቱ ወደ ገደቡ ሲጠጋ፣ ፔዳሉን የቱንም ያህል ቢረግጡ፣ ስሮትሉን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነውን በር፣ ያጠበዋል። በናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚረጨውን ነዳጅ ይቀንሳል። ስሮትሉ በገመድ የሚሳብ የቆየ መኪና ላይ ነዳጁን ነው የሚቆርጠው፤ ገደቡ ላይ ሲደርስ የሚሰማው መንገጫገጭም ከዚያ የሚመጣ ነው።

አብዛኛው መገደቢያ ፍሬን አይዝም። ቁልቁለት ላይ፣ በተለይ ጭነት ካለ፣ 80 ሞልተውለት መኪናው 90 ሊገባ ይችላል፤ መገደቢያው የሚያደርገው ማስጠንቀቂያ ማሰማት ብቻ ነው። ማርሽ ቀንሰው፣ ፍሬን ይዘው መቆጣጠር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ለመቅደም ፍጥነት ካስፈለገ ፔዳሉን የመጨረሻውን ጥንካሬ አሳልፈው እስከ ታች ሲረግጡት ገደቡ ለጊዜው ይለቃል፤ ፍጥነቱ ከገደቡ በታች ሲወርድ ይመለሳል። ይህን ባዶ መንገድ ላይ አስቀድመው ይሞክሩት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጎማን ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ዙርን እንጂ መሬቱን አይደለም። ጎኑ ላይ 205/55 አር 16 የሚል መጠን የተጻፈበት ጎማ ከዳር እስከ ዳር 632 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በቦታው 215/60 አር 16 ቢገባ 664 ይሆናል። ልዩነቱ 5 በመቶ ነው፤ 100 የተሞላ ገደብ መኪናውን ከበፊቱ በ5 በመቶ አስበልጦ ያስኬደዋል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ዳሽቦርዱ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አብልጦ ግን እስከ 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማሳየት ይችላል። ትልቅ ጎማ ያንን ትርፍ ይበላዋል። ለማጣራት ሜዳ መንገድ ላይ ገደቡን 80 ሞልተው ይንዱ፤ አብሮዎት ያለው ሰው ከስልኩ ጂፒኤስ ያንብብ። ጂፒኤሱ ከዳሽቦርዱ በልጦ ከተገኘ ጎማው ትክክለኛው አይደለም።

ከፋብሪካ የተቆለፈው ከፍተኛ ፍጥነት ሌላ ነገር ነው። ብዙ የጀርመን መኪኖች 250 ላይ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት 180 ላይ ይቆማሉ፤ ቮልቮም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 180 አድርጎታል። ይህን በሶፍትዌር ማስነሳት አልደግፍም። ጎማው ላይ ቲ ከተጻፈ የሚችለው 190፣ ኤች ከሆነ 210 ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢፈቅድም ጎማው አይፈቅድም።

መገደቢያው አልበራም ካለ መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የፍሬን መብራት ይዩ። የፍሬን ፔዳሉ ስዊች ከተበላሸ ኮምፒውተሩ ፍሬን እንደተያዘ ቆጥሮ መገደቢያውን ሊከለክል ይችላል፤ በመመርመሪያ መሣሪያ የሚነበበው የብልሽት ኮድ ብዙ ጊዜ ፒ0571 ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስ መብራት አብሮ ከበራ ግን ወደ ጎማው ሴንሰር ይሂዱ፦ ገመዱ ተበጥሶ፣ ወይም ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ተለጥፎ ይሆናል። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከተቀየረ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ አገጣጠሙን ይጠርጥሩ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የኩሽኔታው አንድ ጎን ማግኔት አለው፤ ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ጎማው በደንብ ይሽከረከራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያነብም፤ መካኒኩም በከንቱ ሴንሰር ሲቀያይር ይውላል።