በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች ቪትዝ እንዴት 13 ገባች

አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳው በብር ነው። «የአምስት መቶ»፣ «የሺህ ብር» ይባላል፣ በቴሌብር ይከፈላል፣ ይወጣል። «አሥር ሊትር ቅዳልኝ» የሚል ሰው ማደያ ላይ ብዙም አይሰማም። ዋጋው ረግቶ በነበረበት ጊዜ ይህ ልማድ የሚጎዳው ነገር አልነበረም። አሁን ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቅብናል። ሺህ ብሩ ቶሎ ያለቀው ነዳጁ ስለተወደደ ነው ወይስ መኪናው ስለሚበላ? ሰኔ 2014 መጨረሻ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ በ2017 የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ዋጋው እንዲህ ሲንደረደር ከመኪናው የሚያፈሰውን የሚያስተውል የለም። እኔም ያላስተዋልኩት ለዚህ ነበር፤ ጥፋቱን ሁሉ ዋጋው ተሸክሞልኝ።

ምሬቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ውስጥ የሚጣራ ነዳጅ የለም፤ በዶላር ተገዝቶ በአመዛኙ ከጅቡቲ በቦቴ ይገባል። ከ2014 ክረምት ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ እየተለየ ከሌላው ላይ ደረጃ በደረጃ ተቀነሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ የዓለም ዋጋ ሲወርድ የእኛ ሲወጣ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጤፉንም ሽንኩርቱንም የሚያመጣው አይሱዙ በናፍጣ ስለሚሄድ፣ መኪና የሌለውም ሰው ሒሳቡን ጉልት ላይ ይከፍላል። ይህን እኔ አልለውጠውም። መለወጥ የቻልኩት በአንድ ሊትር ስንት እንደምሄድ ነው።

መኪናዋ 1300 ሲሲ፣ አውቶማቲክ፣ ኢንጀክሽን ያላት፣ ማለትም ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካች የምትረጭ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ካርቡራቶር ላለው አሮጌ መኪና ከዚህ በታች የምለው አንዳንዱ አይሠራም።

መጀመሪያ ልኬት። ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) መቅጃው ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪያቆም ሞላሁ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አደረግሁ፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በኋላ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ቀጭ እስኪል ሞላሁ። የተሄደው ኪሎ ሜትር ለሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር ሲካፈል መልሱ ያ ነው። ሊትሩን የምጽፈው ከፓምፑ ማሳያ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አማካዩን ወሰድኩ፤ 10.1 ወጣ።

ልኬቱን የሚያበላሹት ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። ቀጂው ብሩን ለማሟላት ቀጭ ካለ በኋላ ሁለት ሦስቴ ቢጨምር ግማሽ ሊትር ያዛባል፤ ትርፉም የቤንዚን ትነት ወደሚሰበስበው ከሰል ያለበት ዕቃ ገብቶ ያበላሸዋል። መኪናው ተዳፋት ላይ ከቆመ ሰልባትዮው ሳይሞላ ቀጭ ይላል። የጎማ ቁጥርም አለ። 165/70 አር 14 በነበረበት 175/70 አር 14 የተገጠመ ከሆነ ጎማው በዲያሜትር 2.4 ከመቶ ስለሚበልጥ ቆጣሪው ከሄዳችሁት አሳንሶ ይቆጥራል። ሙሉ መሙላት ለኪስ ከከበደ መፍትሔ አለው። አንዴ ብቻ ሙሉ ይሞላል፣ ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የጎደለችው 15 ሊትር ያህል ትተካለች። ስሕተቱ ትንሽ ይሰፋል እንጂ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ። ብዙ ነዳጅ ይወጣ የነበረው በማይጠረጠር በኩል ነው፤ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ክዳን መሳይ ዕቃ አልነበራትም። ከእኔ በፊት መኪናዋ ሞቃ ስታስቸግር አንዱ መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል። «እዚህ አገር አያስፈልግም» የሚባል ነገር በየጋራዡ ትሰማላችሁ። የተገላቢጦሽ ነው። የአዲስ አበባ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከ80 ዲግሪ በላይ ለመድረስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። እስኪደርስ ድረስ ኮምፒውተሩ «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። አጭር አጭር ጉዞ የሚሄድ መኪና ከሆነ ቀኑን ሙሉ በዚያው ይውላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል፤ የዘይት መለኪያው ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት ምልክቱ ያ ነው።

መለየት ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተሩ ወደ ራዲያተር አናት የሚሄደውን ወፍራም ጎማ መያዝ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ያ ጎማ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ ድንገት መጋል አለበት። ከመጀመሪያው ቀስ እያለ አብሮ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ የለም፣ ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። በስልክ የሚነበበው ትንሽ የብሉቱዝ ስካነር ከተገኘና መኪናው ከተቀበለው ደግሞ የውኃውን ሙቀት በቁጥር ያሳያል። የእኔ በመንገድ ላይ 68 እና 70 ላይ ትንከላወስ ነበር።

ታዲያ ለምን አውጥተው ይጥሉታል? ምክንያቱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩ ፋን የሚነሣው ደግሞ 93 ገደማ ላይ። ይህ እንዳይጋጭ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ «0.9» ወይም «1.1» ተብሎ የተጻፈበት ቁጥር ይህን ያህል ግፊት እንዲይዝ ነው። ግፊቱን ከያዘ ውኃው እስከ 110 ዲግሪ ቢደርስም አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ፋኑ ሳይነሣ ውኃው ይፈላና ይገነፍላል። መኪናው «ሞቀ» ይባላል፣ ቴርሞስታቱ ይወገዛል፣ ይወጣል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ክዳን መቀየር ሲገባ የነዳጅ ቧንቧ ተከፍቶ እንደ መተው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ብቻ ነው።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠሜ በፊት በድስት ውኃ ሞከርኩት። በክር አንጠልጥሎ፣ የድስቱን ግርጌ ሳያስነካ። 82 የተጻፈበት ስለሆነ ውኃው ሊፈላ ሲል መከፈት ይጀምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው በ95 አካባቢ ነው፤ የእኛ ውኃ ደግሞ 92 ላይ ፈልቶ ያበቃል። ስለዚህ ድስት ውስጥ እስከ መጨረሻው አለመከፈቱ ብልሽት አይደለም። ከተከፈተና ሲበርድ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ደህና ነው።

ሲገጠም ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር መውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ። የላስቲክ ቀለበቱ አዲስ ይሁን። ኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል በእኩል ተደባልቀው ይገባሉ፤ የቧንቧ ውኃ ውስጡን ያዝጋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው አየሩን ማስወጣት ነው። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሜ፣ የእጅ ፍሬን ይዤ፣ የጋቢና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነሣሁ፤ አረፋው እስኪያቆም እየጨመርኩ። ባዕድ አገር የተሠሩ ቪዲዮዎች «ፋኑ እስኪነሣ ክዳኑን አትዝጉ» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ በተለይ ንጹሕ ውኃ ብቻ ከገባ ከፋኑ በፊት መፍላቱ ስለሚቀድም ይገነፍልባችኋል። የላይኛው ጎማ ለብ ሲል እዘጋለሁ፤ አብርጄ በማግሥቱ የጎደለውን እሞላለሁ። ይህን የዘለለ ሰው አየር ይቀርበትና ሞተሩ ያለ አግባብ ይሞቃል፤ ያኔ «ቴርሞስታቱ ነው» ተብሎ እንደገና ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ልኬቱ 11.3 ሆነ። ከሁሉም ትልቁ ለውጥ ይሄ ነበር።

ሁለተኛው ፍሬን። ለአሥር ደቂቃ ጠንከር ያለ ፍሬን ሳልይዝ ነዳሁና እጄን ሳላስነካ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋሁ። የፊት ቀኙ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። በክሪክ ተነሥቶ፣ ማርሹ ፎሌ (ነጻ) ላይ ሆኖ በእጅ ሲሽከረከር ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ይቆማል። የፍሬን ሸራው አልቆ አልነበረም፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ደርቀው ነው። ፒኖቹ ተጠርገው የፍሬን ሲልከን ቅባት ተቀቡ። ተራ ግራሶ አይሆንም፤ ላስቲኩን ያሳብጠውና በጥቂት ወር ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ይነክሳል። ልኬቱ ወደ 11.8 ሄደ።

የጎማ ንፋስ እንደሚወራው ብዙ አይደለም። በበሩ ምሰሶ ላይ ባለው ወረቀት የተጻፈውን ቁጥር ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ መሙላት ነው። ጎሚስታ ቤት ተነድቶ ሲደረስ ጎማው ሞቆ ሦስት አራት ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ «ልክ ነው» ተብሎ ጎዶሎ ይቀራል። የራስን መለኪያ መያዝ ይሻላል። እኔ ላይ ያመጣው ለውጥ ከልኬት ስሕተት የማይለይ ነው፤ ጥቅሙ ይበልጥ ለጎማው ዕድሜ ነው። ስለ አየር ፊልትሮም እንደዚሁ። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር አየሩን እየለካ ስለሚረጭ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት እንጂ ነዳጅ ብዙም አይነካም። በአቧራችን ምክንያት መቀየሩ ግድ ነው፣ ቁጠባ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ግን የካርቡራቶር ዘመን ወሬ ነው። ነዳጅ ቧንቧ ላይ የሚታሠር ማግኔትና ሰልባትዮ ውስጥ የሚጣል እንክብል? ገንዘባችሁን ያዙ።

የአነዳዱ ነገር ከፎሌ ይጀምራል። ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል እምነት አሁንም አለ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ብታነሡ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መርጨት አለበት፣ ፍሬኑም ብቻውን ቀርቶ ይግላል። ዳገት ላይ ደግሞ ከፍታው የሞተሩን ጉልበት ሩብ ያህል እንደሚቀንስ ማወቅ ይጠቅማል። መስጫውን እስከ ወለሉ መርገጥ አየር ስለሌለ ብዙ ጉልበት አይጨምርም፤ ድብልቁን ግን ያበዛዋል። ግማሽ ረግጦ በትዕግሥት መውጣት ያዋጣል።

ቆሞ የሚሠራ ሞተር ይህን በሚያህል መኪና በሰዓት 0.7 ሊትር ገደማ ይበላል። የማደያ ሰልፍ ላይ ሞተር አስነሥቶ አንድ ሰዓት መጠበቅ ማለት ሊቀዱት ከመጡት ላይ ሰባት መቶ ሚሊ ሊትር እዚያው ማፍሰስ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆምኩ አጠፋለሁ፤ ባትሪው የደከመ ሰው ግን ይህን አይሞክር፣ ግፊያው ይከፋል። ዕቃ የማይጫንበት የጣሪያው ፖርቶ መጋላም ወረደ። በጠቅላላው 13.0 ደረሰ።

በጀሪካን ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን አልመክርም። ዋጋው ከማደያው ይበልጣል፣ ላምባም ይቀላቀልበታል። ላምባ ያለበት ቤንዚን ዳገት ላይ ሞተሩን ያንኳኳዋል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል ማድረግ ነው። ንጹሕ ቤንዚን በሁለት ሦስት ደቂቃ ተንኖ ወረቀቱን ነጭ ይተወዋል፤ ቅባት መሳይ ክብ ከቀረ ተቀላቅሏል።

ሒሳቡን ደግሞ ሳልደብቅ ላስቀምጠው። በወር 800 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። በ10.1 ስትሄድ 79 ሊትር ትፈልግ ነበር፣ በ13 ደግሞ 61 ሊትር ተኩል። ሊትሩ መቶ ብር ቢሆን በወር 1,770 ብር ገደማ ይተርፋል። ግን ያንኑ 79 ሊትር በ2014 መጨረሻ ዋጋ በ3,790 ብር ገደማ እቀዳው ነበር፤ ዛሬ ተቆጥቦ ተቆጥቦ የቀረውን 61 ሊትር ተኩል በ2017 የገና ዋጋ እንኳ ባሰላው 6,240 ብር ነው። «ቆጥቡ እንጂ አታማርሩ» ለሚል ሰው ይህን አሳዩት።

ደብተሩ ጋቢና ኪስ ውስጥ ነው፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ብር። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከ12 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቸርኬዎቹን ለሙቀት አያለሁ፣ ከዚያ ጠዋት የራዲያተሩን የላይኛ ጎማ እይዛለሁ፣ ጋራዥ የምሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት 12.4 ወጥቷል፤ የኋላ ግራው ቸርኬ ትንሽ ለብ ይላል፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሳይጠብቅ አልቀረም።